የተከፈተ በርና የተሰጠ ቃል

በወጣቶች ኅብረታችን የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ትምህርት ጠፍቶ አያውቅም። ቀድሞ «ማትሪክ እንዳልፍ ጸልዩልኝ» ነበር። ቀጥሎ «ማስተርስ እንዳገኝ» መጣ። አሁን አሁን ደግሞ «ማስተርሴን ትቼ ወደ ፒኤችዲ እንድዛወር ዕድል ተሰጥቶኛልና ጌታ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ» የሚል እንሰማለን። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ከመስመሩ ጀርባ ግን ብዙ ሰው ቆሟል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፦ በር ስለ ተከፈተ ብቻ መግባት ግዴታ ይሆናል ወይ? በሩ ከመከፈቱ በፊት ለሌላ ሰው የሰጠነው ቃልስ ምን ይሁን?

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት እህት እናስብ። የማውቃቸውን የሦስት ወጣቶች ታሪክ አንድ ላይ ሰፍቼ የሠራኋት ናት፤ ስለዚህ ማን ትሆን ብላችሁ አትድከሙ። ቤተሰቧ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ዳር ይኖራል። አባቷ ጡረተኛ ናቸው፤ እናቷ ጉሊት ይነግዳሉ፤ ታናሽ ወንድሟ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እሷ በክፍለ ሀገር በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ካስተማረች በኋላ ለማስተርስ አሜሪካ ሄደች። ስትሄድ ሁለት ቃል ሰጥታለች። ለዩኒቨርሲቲው «ጨርሼ ተመልሼ አገለግላለሁ» ብላ ፈርማለች፤ አጎቷም ዋስ ሆነው ፈርመውላታል። ለእናቷ ደግሞ ቦሌ ላይ፣ ያለ ፊርማ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እማዬ» ብላለች።

በሁለተኛው ዓመት አማካሪዋ ፕሮፌሰር አስጠሯት። ሥራሽ ጥሩ ነው፤ በትንሽ ጥናት ከምትዘጊው ወደ ፒኤችዲ ተዛወሪ፤ የትምህርት ክፍያ አይኖርብሽም፣ በየወሩም አበል ታገኛለሽ፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ይጨምራል አሏት። ያን ቀን ማታ በኅብረቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጌታ ትልቅ በር ከፈተልኝ!» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሠላሳ «አሜን» ተደረደረ።

አሠራሩን ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ። በአገራችን ፒኤችዲ የሚጀመረው ማስተርስ ካለቀ በኋላ ነው። በአሜሪካ ግን ብዙ የትምህርት ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ይቀበላሉ፤ ማስተርሱ እግረ መንገድ የሚገኝ ይሆናል። ገንዘቡም ወደዚያው ያደላል። በተለይ በሳይንስ ዘርፎች የፒኤችዲ ተማሪ ረዳት መምህር ወይም ረዳት ተመራማሪ ሆኖ እየሠራ ክፍያው ይሸፈንለታል፤ የማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ከዚህ የተነሣ ፒኤችዲ ሳይፈልግ በፒኤችዲ ስም ገብቶ፣ ማስተርሱን ሲይዝ ለመውጣት ያሰበ ሰው አይጠፋም። በዚህ ላይ ያለኝ አቋም አጭር ነው። መንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ሰው አልዋሸም። ከመጀመሪያው ለመውጣት ወስኖ «ተመራማሪ መሆን እሻለሁ» ብሎ ማመልከቻ የጻፈ ግን ዋሽቷል፤ የሌላውንም ወንበር ይዟል። ሁለቱ የሚወጡት በአንድ በር ነው፤ የያዙት ወረቀትም አንድ ነው። እግዚአብሔር ግን ወረቀቱን ብቻ አያነብም።

የእህታችን ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፒኤችዲውን ከልቧ ትፈልገዋለች። ለመሆኑ የምትፈልገው ነገር ምንድን ነው?

ማስተርስና ፒኤችዲ የአንድ መሰላል ሁለት ደረጃዎች ይመስሉናል። በማስተርስ የታወቀውን በሚገባ እንደምታውቁ ታሳያላችሁ። በፒኤችዲ ግን ከእናንተ በፊት ማንም ያላወቀውን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አምጡ ትባላላችሁ። ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት ከየካ ወደ ሰሜን ቀና ማለት ይበቃል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሐሳቡን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። በዚያው በእንጦጦ በተጀመረው የምርምር ሥራ የአገራችን ልጆች ሥነ ፈለክን በማስተርስም በፒኤችዲም ደረጃ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ ትልክበት የነበረው ጣቢያም እዚያው እንጦጦ ነው።

ከታች ሆኖ ሲታይ የሚያስቀና ይመስላል። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ሰማዩ ለወራት ይዘጋል። በበጋም ቢሆን የእኛው ከተማ መብራት ደካማ ከዋክብትን ይሸፍናል፤ ለዚህም ነው ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ለሌላ የተሻለ ቴሌስኮፕ ሲጠኑ የቆዩት። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ተማሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ኮከብ በማየት ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ቁጥር በማጣራት ነው።

እንጦጦ ላይ ሲሠሩ ከነበሩት መካከል ሚርያና ፖቪች የተባሉ ሰርቢያዊት ተመራማሪ ይገኙበታል። የአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር በጆስሊን ቤል በርኔል ስም ያቋቋመውን ሜዳልያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለሙት እሳቸው ናቸው። ሜዳልያው የተሰየመላቸው ሴት ታሪክ ለጥያቄያችን ይረዳል። ጆስሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ነበሩ። የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ከሌሎች ጋር በእጃቸው ገነቡ። ከዚያም በየቀኑ ከመሣሪያው የሚወጣውን 30 ሜትር ገደማ ወረቀት በዓይናቸው ይመረምሩ ጀመር። እዚያ ወረቀት ላይ ያዩት ትንሽ እንግዳ ጭረት ፑልሳር የሚባለው የኮከብ ዓይነት የተገኘበት ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማቱ ሲመጣ የተሰጠው ለአማካሪያቸው ነበር። እሳቸው በ2018 ሌላ የሦስት ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲያገኙ ገንዘቡን በሙሉ፣ ፊዚክስ ለማጥናት ዕድሉ ለጠበባቸው የፒኤችዲ ተማሪዎች ድጋፍ እንዲውል ሰጡ።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። በቀን 30 ሜትር ወረቀት፣ ለዓመታት፣ መጨረሻ ላይ ሽልማቱ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ብታውቁስ ትመረምሩ ነበር? «አዎ» የሚል ሰው ፒኤችዲውን ይፈልገዋል። የሚያመነታ ሰው ምናልባት የሚፈልገው «ዶክተር» የሚለውን ቃል ነው። (የሠርግ ካርድ ላይ ከስም በፊት ያለችውን «ዶ/ር» የምታህል ፈተና በዘመናችን ጥቂት ናት። ቤተ ክርስቲያንም ነጻ አይደለችም፤ የጉባኤ ፖስተሮቻችንን ማየት ነው።)

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የመክሊቱን ምሳሌ እናነሣለን። «ዕድሉን ካልተጠቀምኩ መክሊቴን ቀበርኩ ማለት አይደለም ወይ?» እንላለን። መክሊትንና ዲግሪን ግን ማን አንድ አደረጋቸው? ማሚቱ ጋሼን አስታውሱ። አዲስ አበባ የመጡት በወሊድ ጉዳት ለመታከም ነበር፤ ፊደል አልቆጠሩም። ከዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ከባለቤታቸው ጎን እየቆሙ፣ መጀመሪያ አልጋ እያነጠፉ፣ ከዚያ መሣሪያ እያቀበሉ ተማሩ፤ በመጨረሻም ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። መክሊታቸው አልተቀበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አሉ። ከዓለማያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ማስተርሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1976፣ ፒኤችዲያቸውን ደግሞ እዚያው በ1978 ጨረሱ። ከዚያ ሱዳን ወርደው ድርቅ የሚቋቋም ድቅል የማሽላ ዘር አወጡ፤ በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ለእሳቸው ቀጥሎ መማሩ ትክክል ነበር፤ የያዙት ጥያቄ ያንን ይጠይቅ ነበርና። ስለዚህ ከመክሊቱ ምሳሌ «ቀጥል» ወይም «አቁም» የሚል መልስ ማውጣት አይቻልም።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። «በር ተከፈተ» የሚለውን አነጋገር ያገኘነው ከሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ነገር ግን ይኸው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ ሁለት ላይ የሚናገረውን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ጢሮአዳ ሲደርስ ለወንጌል በር ተከፍቶለት ነበር። የከፈተውም ጌታ እንደ ሆነ ራሱ ይመሰክራል። ሆኖም ቲቶን እዚያ ስላላገኘው መንፈሱ ዕረፍት አጣ፤ የጢሮአዳን ሰዎች ተሰናብቶ ወደ መቄዶንያ ሄደ። ልብ በሉ፤ የተከፈተው በር የትምህርት ዕድል አልነበረም፤ ወንጌል የሚሰበክበት በር ነው። እሱንም ቢሆን ስለ አንድ ሰው ሲል ትቶት ሄደ። ጳውሎስ በዚህ ንስሐ ሲገባ አናነብም፤ የሚወቅሰውም የለም። በር ሲከፈት መግባት ይቻላል ማለት ነው። የግድ ትገባለህ ማለት ግን አይደለም።

ይህ ለአንዳንዶቻችን የማይመች ነው፤ ምክንያቱም ውሳኔውን ወደ እኛ ይመልሰዋል። «ጌታ ከፈተው» ስንል ማንም አይጠይቀንም። «እኔ መረጥሁት» ስንል ግን «እናትህስ?» የሚል ይመጣል።

ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ሰባት ፈሪሳውያንን የወቀሰበት አንድ ጉዳይ አለ። በጊዜው ሰው ለወላጆቹ ሊያደርግ የሚገባውን ነገር «ቁርባን ነው» ብሎ ከሰየመው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ተብሎ ለወላጆቹ ማድረጉ ይቀርለት ነበር። ቃሉ ቅዱስ ነው፤ ሥራው ግን ማምለጫ ነው። «የጌታ ፈቃድ ነው» የሚለው አነጋገራችን አንዳንድ ጊዜ የእኛ ቁርባን እንዳይሆን እሰጋለሁ። እህታችን ለእናቷ «ሁለት ዓመት» ብላለች። ሁለቱ ዓመት ሰባት የሚሆነው ጌታ በር ስለ ከፈተ ነው ከተባለ፣ እናቷ ከእግዚአብሔር ጋር ሊሟገቱ ነው? ዝም ይላሉ እንጂ። ዝምታቸውም እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ቃል መስጠት ምን እንደ ሆነ እናስብ። ነገ የማደርገውን ነገር በተመለከተ አንድ እጀታ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ከሰጠሁ በኋላ እጀታው ያለው በእሱ እጅ ነው። ብጸልይም፣ ብጾምም፣ ሠላሳ ሰው «አሜን» ቢለኝም፣ እኔው ራሴን መፍታት አልችልም። ሊፈታኝ የሚችለው ቃሉን የተቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ የእህታችን የመጀመሪያ ሥራ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በሕልም መጠበቅ አይደለም፤ ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ነው፦ እናቷን፣ አጎቷን፣ የላካትን የትምህርት ክፍል ኃላፊ።

ከሦስቱ የሚቀልለው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማራዘሚያ ተጠይቆ፣ ወይም ዕዳው ተከፍሎ ያልቃል። የአጎቷ ይከብዳል። እሷ ሳትመለስ ብትቀር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ደመወዛቸው ሲቆረጥ እሷ ላብራቶሪ ውስጥ ትሆናለች። ዋስ ማለት በእኔ ቃል ላይ የራሱን እንጀራ ያስያዘ ሰው ነው። እሳቸውን ነጻ ሳታወጣ የምታገኘው የተመራማሪነት ስም ከአጎቷ ኪስ የተከፈለ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እናት ናቸው፤ ምክንያቱም የእኛን አገር እናት መጠየቅ ቀላል አይደለም። ደውላችሁ «እማዬ፣ ልቆይ ወይ?» ብትሏቸው መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ ምን እሆናለሁ! ብቻ አንቺ ደኅና ሁኚ።» ይህ ምርቃት ነው እንጂ መልስ አይደለም። «ወስኛለሁና መርቂኝ» ማለትም መጠየቅ አይደለም። እውነተኛ ጥያቄ «አይሆንም» ለማለት ቦታ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ በአንድ የስልክ ጥሪ አይሆንም። እናት ልባቸውን የሚያካፍሏቸው ሰው አለ፤ አክስት ትሆናለች፣ የዕድር ጓደኛ ትሆናለች። በእሷ በኩል ይጠየቁ። ቁጥሩም በግልጽ ይነገር፤ ስንት ዓመት፣ መቼ ለጉብኝት ይመጣል፣ በወር ስንት ብር ይላካል፣ አባት ቢታመሙ ሆስፒታል ማን ያደርሳል። ይህን የመጨረሻውን ታናሽ ወንድሟ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም የሚያደርሰው እሱ ነው። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሩቅ ቢሆንበት ምን ያደርጋል? የእሷ ፒኤችዲ የእሱን የመጀመሪያ ዲግሪ ሊያስቀርበት እንደሚችል አስባለች?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ጥሩ ተቃውሞ ነው። «ፒኤችዲዬን ብጨርስ እኮ የበለጠ እረዳቸዋለሁ!» እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የስድሳ አራት ዓመት እናት አምስት ዓመትና የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ አምስት ዓመት እኩል አይደሉም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚላከው ገንዘብ ዛሬ ምርኩዝ የሚሆን ትከሻን አይተካም። ይህን ማመዛዘን ያለባቸው ደግሞ እናትየው ናቸው፤ ልጅቱ በእሳቸው ፈንታ ልታመዛዝን አትችልም። «እኔ ልጄ ዶክተር ስትሆን ማየት ነው የምፈልገው» ብለው ከልብ ከፈቷት፣ ተፈታች፤ ያለ ጥፋተኝነት ስሜት ትማር።

ሌላም ላክል፤ የተሰጠ ቃልና ቤተሰብ የጠበቀው ነገር አንድ አይደሉም። አባትህ ሐኪም ትሆናለህ ብለው ቢጠብቁ፣ አንተ ግን ቃል ካልሰጠሃቸው፣ ዕዳ የለብህም፤ ፍቅርና አክብሮት ብቻ ነው ያለብህ። ይህን የምለው በቤተሰብ ምኞት ታስረው የሚሰቃዩ ወጣቶች ስላሉን ነው። የምናገረው በገዛ አፋችን ስላልነው ነገር ብቻ ነው።

እናትየው ባይፈቱስ? በሩ ለዘላለም ተዘጋ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ፒኤችዲ ደግሞ በ1987። ከዚያ በፊት ለነበረው ትውልድ ፒኤችዲ ማለት ባሕር ማዶ ማለት ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ማስተርስን በክብር ጨርሶ፣ ተመልሶ፣ አስተምሮ፣ ከዓመታት በኋላ እዚህ ወይም ውጭ ፒኤችዲ መጀመር ይቻላል። የመሣሪያና የመጽሔት ችግር አለ፤ አማካሪ አንድ ሆኖ ተማሪ ሲበዛበትም አይተናል። አቃልዬ አላቀርበውም። ይሁን እንጂ ያንን ጥያቄ በእውነት የሚወድ ሰው ጥያቄውን ይዞ ይመጣል። ፕሮፌሰሩንም መጠየቅ አያሳፍርም። «ለሰዎች ቃል ሰጥቻለሁ፤ ማስተርሴን ጨርሼ ብሄድና ከሁለት ዓመት በኋላ ባመለክት ይቀበሉኛል?» ማለት ነው። ቃል የሚያከብር ተማሪን የሚንቅ አማካሪ ካለ፣ አምስት ዓመት በእሱ ሥር ባለመቆየታችሁ ብዙ አትጎዱም።

እህታችንን የሰፋሁባቸው ሦስት ወጣቶች በአንድ መንገድ አልሄዱም። አንዱ መጀመሪያ የዋሱን ዕዳ ከፍሎ ጨረሰና ቀጠለ፤ አሁን የፒኤችዲ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንዷ ማስተርሷን ይዛ ተመልሳ ክፍለ ሀገር ታስተምራለች፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ቅዳሜ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትመጣለች፤ እንደምትቆጭም ነግራኛለች፣ ቁጭቱ ውሳኔዋን እንዳላስለወጣትም ጭምር። ሦስተኛዋ እናቷን ገና አልጠየቀችም። ለፕሮፌሰሯ መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 7 ነው፤ አክስቷም ከፋሲካ በፊት እቤታቸው ሄዳ ቡና ላይ ልታነሣላት ተስማምታለች።